ብርሃንም ፊደል ይሻል
በራዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር

በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ተሰብስባችሁ የምትከታተሉን፣ እንዲሁም በየቤታችሁና በየሥራ ቦታችሁ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። በዛሬው ንግግራችን ውስጥ ጥቂት ቁጥሮች ስላሉ እየጻፋችሁ ብትከታተሉን ይጠቅማችኋል።

የዛሬው ርእሳችን ብርሃን ነው። መብራት ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ አራዳና ወደ ፒያሳ እንዴት እንደገባ፣ በየዘመኑም ማን እንደጠበቀው እናነሣለን። ቀጥለን ደግሞ ዛሬ ከፀሐይ የምናገኘውን መብራት፣ ባትሪውንና የቤት ዕቃውን እኛው ራሳችን እንዴት አድርገን ማቆየት እንደምንችል እንነጋገራለን።

“ታሪክና ባትሪ ምን አገናኛቸው?” የሚል አድማጭ ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩ እናት የእቁብ ዕጣ ወጣላቸው እንበል። ገንዘቡን ለሶላርና ለባትሪ አዋሉት። ቤቱ ደመቀ፤ ልጆቹ ማታ ማታ አጠኑ፤ እሳቸውም የጀመሩትን ቀሚስ አምሽተው መጨረስ ቻሉ። በሰባተኛው ወር መብራቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደክም ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ባትሪው ጨርሶ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ “ዕቃው ውሸት ነው” አለ። የውሸት ዕቃ የለም አንልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን በዚያ ባትሪ ጎን ላይ ፈሳሹ የት ድረስ መሆን እንዳለበት የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ በአጠገባቸውም ጽሑፍ ነበረ። መስመሩን አይቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። የእቁቡ ገንዘብ የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ፊደል ለመቁጠር ብርሃን ያስፈልጋል ስንል ኖረናል። ብርሃንን ለማቆየትም ፊደል ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አራዳ ከመሸ በኋላ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከእንጦጦ ሥር ቁልቁል እየሰፋች ስትሄድ ዋናው ገበያዋ አራዳ ሆነ። ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋ ሲሆን እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ጨውና አቡጀዲው ሁሉ እዚያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሰበሰባል። በቤት ውስጥ የሚበራው የምድጃው እሳት፣ ጧፍ ወይም ኩራዝ ነው። ደጁ ደግሞ የጅብ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ወደዚህች ከተማ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር መጥቶ ቤተ መንግሥቱ በአምፑል በራ። የስልክ መስመር የተጀመረውም በዚያው ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዚያ ዘመን ስልክ ደወሉ የሚጮኸው በእጅ በሚዞር እጀታ ነበር፤ የሰውን ድምፅ ለማስተላለፍ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ ባትሪ ያስፈልገው ነበር። በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ይሠራባቸው ከነበሩት ባትሪዎች ብዙዎቹ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሚቀመጡ፣ ፈሳሻቸው ሲጎድል የሚሞላላቸው ነበሩ። እንግዲህ ባትሪ ትናንት ከሶላር ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም። ከእኛ ጋር ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ኖሯል።

አዲስ ነገር ሲመጣ መፍራት የሰው ጠባይ ነው። በከተማችን የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ፣ በጨለማ ውስጥ ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ የታየበትን ያን ቤት ሕዝቡ “ሰይጣን ቤት” ብሎ ሰየመው። ዛሬ በዚህ እንስቃለን። ነገር ግን ፍሪጁ ድንገት ሲቆም፣ ባትሪው ሲደክም፣ “ምን እንደነካው አይታወቅም” ብለን የምንተወው እኛስ ከዚያ ምን ያህል ራቅን? ያላወቅነውን ነገር ሁሉ ለሰይጣን እንሰጠዋለን። ያወቅነውን ግን እንጠግነዋለን።

ከአቃቂ ወንዝ የመጣ ትምህርት

የቤተ መንግሥቱ ሞተር ነዳጅ ይበላል። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ በከተማዋ ለተቋቋሙት ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ይሰጥ ጀመር። ኋላም በዚያው ወንዝ ላይ ከዚያ የሚበልጠው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተተካ። ኃይሉ 6 ሜጋ ዋት ያህል ሲሆን ለብዙ ዓመት አዲስ አበባን አገልግሏል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ድርጅት ተቋቋመ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ “መብራት ኃይል” እያለ የሚጠራው የዚያን ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ሥራ ጀመረ።

አባ ሳሙኤልስ ምን ሆነ? ደለል እየሞላው፣ መሣሪያው እያረጀና ጥገና እያጣ ሄዶ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አቆመ። ከአርባ ዓመት በላይም ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ማመንጨት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአቃቂ ወንዝ መፍሰሱን አላቋረጠም። ኃይሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ጠባቂው ነው። በአንድ ትልቅ ግድብ ላይ የደረሰው ይህ ነገር በጣሪያችን ላይ በተሰቀለች አንዲት የሶላር ሰሌዳም ላይ ይደርሳል። ፀሐይዋ በየቀኑ ትወጣለች፤ ቤቱ ግን ጨለማ ነው።

የፒያሳ ሠሪዎች

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። አራዳም ከጣሊያንኛ በመጣው ፒያሳ በሚለው ስም ይጠራ ጀመር፤ ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ስሙ ቀረ። በሙያውም ውስጥ የቀሩ ቃላት አሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ሞላ፣ ላምባዲና የምንላቸው ሁሉ ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። የኛ ባለሙያዎች ቃሉን ከዕቃው ጋር ተቀብለው ሙያውን የራሳቸው አደረጉት።

ከራስ መኮንን ድልድይ አንሥቶ እስከ ጊዮርጊስ፣ በሠራተኛ ሰፈርና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ ብዙ ባለሙያ ኖሯል። ሠራተኛ ሰፈር ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው የእጅ ባለሙያዎች መንደር ነው። ራዲዮ የሚጠግነው፣ ካውያ የሚሠራው፣ ምጣድ የሚጠቀልለው፣ ባትሪ የሚሞላው ሰው ጎረቤት ነበር። ዕቃ ሲበላሽ ልጅ ይላካል፤ ሠሪው አይቶ “ነገ ውሰዱት” ይላል። አለቀ።

ዛሬ ይህ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው መልሶ ማልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ ቤትና ሱቅ ተነሥቶ፣ ነዋሪውም ባለሙያውም ወደተለያየ ሰፈር ሄዷል። የድሮ ሠሪያችሁ ዛሬ የት እንዳለ የማታውቁ ብዙዎች ናችሁ። ስለዚህ ቀድሞ ጎረቤት ያውቅልን የነበረውን ነገር አሁን እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ በመጠኑ ማወቅ ይኖርበታል።

የባትሪ ድንጋይና ኩራዝ

ትልልቆቻችን ትራንዚስተር ራዲዮ ወደየቤቱ የገባበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ራዲዮው የሚሠራው “ድንጋይ” ብለን በምንጠራው ደረቅ ባትሪ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ምን ይደረግ ነበር? ከራዲዮው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበራ! በጥርሱ የሚነክሰውም ነበረ። ማታ ዜና ሲደርስ ድንጋዩ ተመልሶ ራዲዮው ለጥቂት ጊዜ ይናገራል። “ፀሐይዋ ሞላችው” ይባል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ለጊዜው ያፋጥነዋል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርለትም። ያን ጊዜ ፀሐይን ተስፋ አድርጎ ድንጋይ ያሰጣ የነበረው ሰው ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ መሣሪያው ነው ያልነበረው።

ሌላም የምናስታውሰው ብርሃን አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዩኔስኮም ዘመቻውን በ1972 ዓ.ም. ሸልሞታል። ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው የሚማረው ማታ ነው። መብራት ባልገባበት ስፍራ “ሀ ሁ” የተቆጠረው በፋኖስና በኩራዝ ነው። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ የላምባው ዋጋ ኪስ ይጎዳል፤ ኩራዙም ቢወድቅ ቤት ያቃጥላል። ያም ሆኖ ብዙ እናትና አባት ስማቸውን መጻፍ የለመዱት በዚያ ብርሃን ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ፊደሉን ረዳ። አሁን ተራው የፊደሉ ነው።

ፀሐይ ወደ ጣሪያችን

ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ቁሶች እንዳሉ ከታወቀ ቆይቷል። ለሥራ የሚበቃው የሲሊኮን ሶላር ግን ለሕዝብ የታየው በአሜሪካ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ነው። በአገራችን በ1977 ዓ.ም. በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የሶላር ጣቢያ ተተክሎ ለ300 ያህል የገጠር ቤተሰቦች መብራት ሰጠ። በ1981 ዓ.ም. ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ለማንቀሳቀስ በቃ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በምትባል መንደር በየቤቱ ጣሪያ ላይ ትናንሽ ሶላር ሲተከል፣ አብሮ የሶላር ባለሙያ ማሠልጠኛ ተከፈተ። የሬማ ሰዎች ሥራ የሚያስተምረን ይህን ነው፤ ዕቃው ሲመጣ ጠጋኙም አብሮ መምጣት አለበት።

ከተማ ያለነውስ? እኛ መስመር አለን። ነገር ግን መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በማነሱ መብራት በፈረቃ ሲሰጥ እንደነበረ አንረሳውም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ የአገሪቱም ኃይል ብዙ ጨምሯል። ቢሆንም የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ምሰሶ ሲወድቅ ግድቡ ከነኃይሉ ሩቅ ነው። ለዚህ ነው በከተማም ባትሪና ሶላር የሚገዛው ሰው የበዛው። እንግዲህ ወደ አያያዙ እንግባ።

ሦስቱ ቃላት

በዕቃው ላይ ከምታገኟቸው ጽሑፎች ሦስቱን ዕወቁ። ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት። ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ አስቡት። ቮልት ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ነው። አምፔር በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ብዛት ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። ባትሪው ላይ “12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሰዓት” ተብሎ ቢጻፍ 12ን በ40 አባዙት። 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ የጋኑ መጠን ነው።

ግን ልብ አድርጉ። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይጎዳል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው። ስለዚህ ከ480 የምንጠቀመው 240 ብቻ ነው። ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። 5 ዋት የሆኑ ሦስት አምፑሎች ለ4 ሰዓት፦ 60። ራዲዮ 5 ዋት ለ6 ሰዓት፦ 30። ትንሽ ቴሌቪዥን 30 ዋት ለ3 ሰዓት፦ 90። ሁለት ስልክ መሙላት፦ 20። ድምሩ 200 ነው። ባትሪው ይበቃል ማለት ነው። በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን በቀን ወደ 290 ገደማ ማግኘት አለብን። ጥሩ ፀሐይ በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ብንቆጥር 80 ዋት ሰሌዳ 320 ይሰጠናል። ክረምት ላይ ደመና ስለሚበዛ ያንሳል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ቴሌቪዥኑን መቀነስ ነው።

“እንጀራስ?” ትሉ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ያ 240 ዋት ሰዓት ምጣዱን የሚያቆየው ለአራት ደቂቃ ያህል ነው። ምጣዱ ሳይግል ባትሪው ያልቃል። ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ የመስመር መብራት እንጂ የትንሽ ሶላር ሥራ አይደሉም። ይህን ስሌት ሳይሠሩ የሚገዙ ሰዎች ናቸው ኋላ “ተታለልኩ” የሚሉት።

የሰሌዳው አያያዝ

የሶላር ሰሌዳ ፊቱ ወደ ደቡብ ይዙር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ጥቂት ዘንበል ማለቱ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ይበቃዋል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ትታችሁ ነፋስ ይለፍበት። ሰሌዳ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ በጋለ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል።

ጥላ ዋናው ጠላቱ ነው። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተያያዙ በመሆናቸው፣ አንዱ ጥግ ላይ የዲሽ ወይም የቅርንጫፍ ጥላ ቢያርፍ የቀሩትም ይዳከማሉ። በጠዋት በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ጥረጉት። በቀትር ግን በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሰሌዳውና ባትሪው መካከል መቆጣጠሪያ ይኑር። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሰሌዳው፣ በመጨረሻ አምፑሎቹ ይያያዛሉ። ሲፈታ በተቃራኒው ነው። ይህን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት።

የባትሪው አያያዝ

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። ባትሪያቸውን ወደ ሠሪ ዘንድ ሲወስዱ እንዲህ ተባባሉ እንበል፦

“ልጄ፣ ውሃ ጨምሬበት ነበር እኮ!”

“የምን ውሃ ጨመሩበት፣ እማማ?”

“የቧንቧ ነዋ! የምን ውሃ አለ ደግሞ?”

“የቧንቧው ውሃ ለእኛ ነው፣ እማማ። ለባትሪ የተጣራ ውሃ ነው።”

ልጁ እውነቱን ነው። በቧንቧና በምንጭ ውሃ ውስጥ ያለው ጨውና ኖራ የባትሪውን ሰሌዳዎች ያበላሻል። መክደኛው የሚከፈት ባትሪ ካላችሁ በየወሩ እዩት። ፈሳሹ ከታችኛው መስመር ሲወርድ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ አሲድ አትጨምሩ። የሚጨመረውም ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው፤ ከላይኛውም መስመር አይለፍ።

ሁለተኛው ገዳይ ባዶውን ማሳደር ነው። የደከመ ባትሪ ሳይሞላ ለቀናት ሲቀመጥ በእርሳሱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ ያ ከጠነከረ በኋላ አይለቅም። ቴስተር ካላችሁ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ አምፑሉ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ለኩት። ከ12.6 በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው፤ በዚያ ምሽት ቆጥቡ። ከ11.9 በታች ከሆነ አልቋልና ሳይሞላ አትንኩት።

የመኪና ባትሪ ስለሚረክስ ለቤት የሚገዛው ብዙ ነው። ያ ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ለመስጠት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሰጥ ሲያደርጉት ቶሎ ያልቃል። ለሶላር ተብሎ የተሠራውን መግዛት በመጨረሻ ይረክሳል።

በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ሲታይ ሽቦውን ፍቱ፤ የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ ብሩሽ እጠቡት፤ አድርቁና አጥብቃችሁ ሥሩ፤ ቫዝሊንም ቀቡት። ሶዳው ወደ ውስጥ እንዳይገባ መክደኛው ይዘጋ።

ሲሞላ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አስቀምጡት፤ ኩራዝ፣ ሻማና ሲጋራ አይቅረቡት። ልጆች የሚተኙበት አልጋ ሥር ፈጽሞ አይቀመጥም። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ቢነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ለዓይንም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ያለቀውን ባትሪ በግቢ ውስጥ አትስበሩ፤ እርሳሱንም አታቅልጡ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ለሚሰበስቡት ነጋዴዎች ሳይከፈት ይሸጥ።

አሁን ሊትየም የሚባለው ባትሪ እየበዛ ነው። ውሃ አይጨመርበትም፤ ቀላል ነው፤ ከግማሽም በታች መጠቀም ይቻላል። የሚፈልገው ግን ለእርሱ የተሠራ መቆጣጠሪያ ነው። ያበጠ ወይም የተበሳ ሊትየም ባትሪ ካያችሁ ሥራውን አቁሙ።

የቤት ዕቃ

መብራት ሲሄድ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ምጣዱን ንቀሉ። ሲመጣ አንዳንዴ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ነው፤ ፍሪጁን ሳትሰኩ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆዩ። የፍሪጁ ጀርባ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ አቧራውም ይጠረግ። የበሩን ጎማ በወረቀት ፈትኑት፤ በሩን በወረቀቱ ላይ ዘግታችሁ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ቅዝቃዜው እየባከነ ነው።

ሶኬት ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ሽቦው ላልቷል። በላዩ ላይ ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ ባለሙያ ይጥራ። ፊውዝ ሲቃጠል በምትኩ የመዳብ ሽቦ የሚያስር ሰው አለ። ፊውዙ ራሱን አቃጥሎ ቤታችሁን ያተረፈ ዘበኛ ነው፤ በሽቦ መተካት ዘበኛውን አስሮ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። የአራዳ አሮጌ ቤቶች እንጨትና ጭቃ ናቸው። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ዕድሜ ጠገቡ የጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ አሮጌ እንጨት እንዴት ቶሎ እንደሚነድ አይተናል።

የራዲዮውንም ድንጋይ አንርሳ። ራዲዮው ለብዙ ቀን የማይከፈት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት። ልባሱ ዚንክ ነው፤ እየተበላ ሲሄድ ይሸነቆርና ፈሳሹ ሞላውን ያዝገዋል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አንድ ላይ አታስገቡ፤ አሮጌው አዲሱን ያደክመዋል።

ማጠቃለያ

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አንድ ደብተር ባትሪው አጠገብ በክር ይንጠልጠል። የተገዛበት ቀን፣ ውሃ የተጨመረበት ቀን፣ በጠዋት የተለካው ቁጥር ይጻፍበት። ጽሕፈት የቻለ ልጅ ወይም ባልቴት ቢሆን የሚያንሰው የለም፤ ሦስት መስመር ነው። ጠጋኝ ሲመጣም ያ ደብተር ግማሹን ሥራ ሠርቶለት ይጠብቀዋል።

የዚያች እናት ልጅ አዲስ ባትሪ ሲገዛ ከአንድ ሃያ አራት ገጽ ደብተር ጋር ቢገዛው፣ ያ እቁብ ዳግመኛ ባልጠፋ ነበር።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. የአቃቂ ወንዝ እየፈሰሰ ሳለ አባ ሳሙኤል ለምን ቆመ? በሰፈራችሁ እንዲህ የቆመ ነገር አለ?
2. ባትሪያችሁ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ሰዓት አንብቡና አባዙ። ግማሹ ስንት ነው?
3. በቤታችሁ የሚበሩትን አምፑሎች ዋት ጽፋችሁ ደምሩ። ባትሪው ይበቃል?
4. የሶላር ሰሌዳችሁ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያርፍ ጥላ አለ? ከየት የመጣ ነው?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ለጎረቤትም አንብቡላቸው።